ከአገዳ ቆርቋሪ ትል የወጣ ጥገኛ ተርብ፦ ለአገሪቱ አዲስ ነው ብሎ ለመመዝገብ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል?

የማሳ ተመልካች (ጠያቂ)

ለተከበራችሁ የመድረኩ አባላት፤

በበቆሎ አገዳ ውስጥ ካገኘኋቸው ቆርቋሪ ትሎች የተወሰኑትን ወስጄ በትንንሽ ብልቃጦች ሳሳድጋቸው፣ ከአንዳንዶቹ ገላ ነጫጭ እጮች በቡድን ወጡና እዚያው ትሉ አጠገብ ሐር እየፈተሉ ራሳቸውን ሸፈኑ። ሳምንት ሳይሞላ ከነጫጮቹ ሽፋኖች ርዝመታቸው ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር የሚሆን ጥቋቁር ተርቦች ወጡ። ቀናት ዘግይተው ደግሞ ከእነዚያው ሽፋኖች ከፊተኞቹ ያነሱ፣ ሰውነታቸው የሚያብረቀርቅ አረንጓዴ የሆነ ሌሎች ተርቦች ብቅ አሉ።

ጥቋቁሮቹን በኢንተርኔት ካገኘኋቸው ምስሎች ጋር ሳስተያያቸው ኮቴሲያ ፍላቪፔስ የተባለውን ጥገኛ ተርብ ይመስሉኛል። በምኖርበት አገር የሚገኙትን ጥገኛ ተርቦች በአንድ ቦታ የሚዘረዝር ሰነድ ስላላገኘሁ፣ ዝርያው ቀደም ሲል ተመዝግቦ እንደሆነና እንዳልሆነ የማጣራበትን መንገድ አላወቅሁም። ስለዚህ ሦስት ነገሮችን ልጠይቃችሁ። አንደኛ፣ ፎቶግራፍና የአስተናጋጁ (ተርቡ ያደገበት) ትል ስም ዝርያውን ለመለየት ይበቃሉ? ሁለተኛ፣ አረንጓዴዎቹ ከየት መጡ? ሦስተኛ፣ ዝርያው በእርግጥ ለአገሪቱ አዲስ ሆኖ ቢገኝ፣ ሌላ ተመራማሪ አምኖ ሊጠቅሰው በሚችል መልኩ የሚመዘገበው እንዴት ነው?

የስብስብ ክፍል

ጥያቄዎን ያቀረቡት ናሙናዎቹ በእጅዎ እያሉ በመሆኑ ደስ ብሎኛል። አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚመጣው ተርቦቹ በረው ከሄዱ ወይም ደርቀው ከተሰባበሩ በኋላ ነው። ስለ ስሙ ሌሎች ይነግሩዎታል፤ እኔ የሙዚየም ስብስብ ጠባቂ እንደመሆኔ የምናገረው ስለ ናሙናዎቹ ነው።

ስም ሊለወጥ ይችላል። ዛሬ አንድ ዝርያ ተብሎ የተመዘገበው ነገ ሁለት ሆኖ ሊከፈል፣ ወይም ሁለት የተባለው ወደ አንድ ሊጠቃለል ይችላል። በዚያን ጊዜ የቀድሞው መዝገብ የሚተርፈው፣ ናሙናው በታወቀ ስብስብ ውስጥ ተቀምጦ ማንም ፈላጊ አውጥቶ እንደገና ሊመረምረው ሲችል ብቻ ነው። ናሙና የሌለው መዝገብ ትክክል ይሁን ስሕተት የሚረጋገጥበት መንገድ ስለሌለ፣ ከጊዜ በኋላ የሚያገኘው ተመራማሪ ሊቀበለውም ሊጥለውም ይቸገራል። የብዙ አገሮች የዝርያ ዝርዝሮች እንዲህ ባሉ፣ ከአንድ ጽሑፍ ወደ ሌላው እየተገለበጡ በመጡ ስሞች የተሞሉ ናቸው።

አሁን ማድረግ የሚገባዎትን ልንገርዎ። ወደፊት የሚወጡ ተርቦች ካሉ ወዲያው አይግደሏቸው፤ ቢያንስ አንድ ቀን በሕይወት ይቆዩ። ከሽፋኑ እንደወጣ የተገደለ ተርብ ሰውነቱ ገና ስላልጠነከረ ሲደርቅ ይጨማደዳል፣ ትክክለኛ ቀለሙንም አይዝም። ከዚያ በኋላ ከፊሎቹን ከ95 በመቶ ባላነሰ ኢታኖል ውስጥ አድርገው በማቀዝቀዣ ያስቀምጡ፤ በ70 በመቶ አልኮል የተቀመጠ ናሙና ለማየት ቢመችም ዲኤንኤው እየተበጣጠሰ ይሄዳል። የቀሩትን ደግሞ በሦስት ማዕዘን በተቆረጠ ጠንካራ ወረቀት ጫፍ ላይ በጎናቸው አጣብቀው ወረቀቱን በእስፒል ይውጉት። እንዲህ ያለ ትንሽ ተርብ በቀጥታ በእስፒል ሲወጋ ደረቱ ላይ ያሉት መለያ ምልክቶች ይጠፋሉ። ወንዱንም ሴቷንም ያስቀምጡ። የወንዶቹ ጥቅም ወደ በኋላ ግልጽ ይሆንልዎታል።

ባዶዎቹን የሐር ሽፋኖች፣ የሞተውን ትል ቆዳና በተለይም የጭንቅላቱን ቅርፊት አይጣሉ። በትንሽ ባዶ የጄላቲን እንክብል ውስጥ ከተው ከተርቡ ጋር በአንድ እስፒል ላይ ያኑሯቸው። ተርቡ ከየትኛው አስተናጋጅ እንደወጣ የሚመሰክሩት እነዚህ ቅሪቶች ናቸው፤ ለወደፊቱም እያንዳንዱን ትል ለብቻው በአንድ ብልቃጥ ማሳደግ ግዴታ ነው። ሁለት ትሎች አብረው ካደጉ ተርቡ ከየትኛው እንደወጣ በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም።

የአስተናጋጁ ማንነት ምን ያህል እንደሚያሳስት የካሳቫ ተባይ ታሪክ ያሳያል። በ1970ዎቹ በአፍሪካ ካሳቫን ያጠቃ ለነበረው ተባይ ተፈጥሯዊ ጠላት ፍለጋ ወደ ሰሜናዊ ደቡብ አሜሪካ የሄዱ ተመራማሪዎች ተመሳሳይ ተባይ አግኝተው ጥገኛ ተርቦቹን ቢሰበስቡም፣ ተርቦቹ የአፍሪካውን ተባይ አልቀበልም አሉ። ተባዩ ሌላ ዝርያ ኖሯል። ትክክለኛው በ1981 በፓራጓይ ሲገኝ ግን ከእርሱ ጋር የተገኘችው አናጊረስ ሎፔዚ የተባለች ተርብ በዚያው ዓመት በናይጄሪያ ተለቀቀች፤ ከዚያም በሰፊው የአፍሪካ ክፍል ተባዩን ተቆጣጠረች። ስለዚህ በመለያ ወረቀቱ ላይ «የአገዳ ቆርቋሪ» ብቻ ብሎ መጻፍ አይበቃም፤ የትኛው ቆርቋሪ እንደሆነ፣ ማን እንደለየው፣ በምን እንደለየው መገለጽ አለበት።

የክንፍ ጅማት

ከላይ የተሰጠው ምክር ትክክል ነው። እኔ በስሙ ላይ ላተኩር።

በመጀመሪያ ጥቋቁሮቹ ተርቦች ከየትኛው ቤተሰብ እንደሆኑ ያረጋግጡ። የፊተኛውን ክንፍ በማይክሮስኮፕ ሲመለከቱ፣ ኢክኒውሞኒዴ በተባለው ቤተሰብ በክንፉ የውጭ ግማሽ ሁለት ተሻጋሪ ጅማቶች ሲኖሩ፣ ብራኮኒዴ በተባለው ግን ሁለተኛው የለም። ጥቂት ልዩ ሁኔታዎች ቢኖሩም ይህ ምልክት ብዙ ጊዜ አያሳስትም። ቀጥሎ የአንቴናውን አንጓዎች ይቁጠሩ። ማይክሮጋስትሪኒ የሚባለው የብራኮኒዴ ንዑስ ቤተሰብ፣ ኮቴሲያም የሚገኝበት፣ ምንጊዜም 18 አንጓ አለው። 17 ወይም 20 ካገኙ እንደገና ይቁጠሩ፤ አሁንም ያው ከሆነ ሌላ ቡድን ነው። እስከዚህ ድረስ ትዕግሥት ያለው ማንኛውም ሰው በራሱ ሊደርስበት ይችላል።

ከዚህ በኋላ ነው ጥንቃቄው የሚጀምረው። የአገዳ ቆርቋሪዎችን የሚያጠቁት ኮቴሲያዎች እጅግ የሚመሳሰሉ ዝርያዎች ስብስብ ናቸው፤ ሁሉም በአገዳ ውስጥ በተቆፈረ ጠባብ ዋሻ ለመጓዝ የሚመች ጠፍጠፍ ያለ ደረት አላቸው። ከእነዚህ መካከል ኮቴሲያ ፍላቪፔስ ካሜሮን የተባለ ተመራማሪ በ1891 የሰየመው የእስያ ዝርያ ሲሆን፣ ኮቴሲያ ሴሳሚዬ ደግሞ ያው ሰው በ1906 የሰየመው የአፍሪካ ተወላጅ ነው። ሁለቱን ከላይ በተነሣ ፎቶግራፍ መለየት አይቻልም። ሴቶቹን ጎን ለጎን አድርጎ በጥሩ ማይክሮስኮፕ ሲያዩዋቸው እንኳን ያስቸግራሉ፤ አስተማማኙ መለያ በስላይድ ላይ ተዘጋጅቶ የሚታየው የወንዱ የመራቢያ አካል ቅርጽ ነው። ከላይ ወንዶቹን እንዳይጥሉ የተመከሩትም በዚህ ምክንያት ነው።

አስተናጋጁም ፍንጭ ይሰጣል። ቡሴዎላ ፉስካ የተባለው ቆርቋሪ ኮቴሲያ ፍላቪፔስ እንቁላል ስትጥልበት የደም ሕዋሳቱ እንቁላሉን ከብበው ያፍኑታል፤ ቺሎ ፓርቴለስ የተባለው ቆርቋሪ ግን ይህን መከላከል አይችልም። ስለዚህ የእርስዎ ትሎች ቡሴዎላ ከሆኑ ፍላቪፔስ የመሆኑ ዕድል በጣም ይጠባል። ሁለቱን ትሎች ለመለየት ከሆዳቸው በታች ያሉትን ሥጋማ እግሮች በማጉያ ይመልከቱ። በእግሩ መዳፍ ላይ ያሉት ጥቃቅን መንጠቆዎች ሙሉ ክብ ከሠሩ ቺሎ፣ ግማሽ ክብ ከሆኑ ደግሞ ቡሴዎላ ወይም ከዚያው ቤተሰብ የሆነው ሴሳሚያ የተባለ ሌላ ቆርቋሪ ነው። የሞተ ትል ቆዳም ቢሆን በውኃ ሲርስ ይህን ያሳያል።

አንድ ነገር በጥብቅ ላሳስብ። ለአንድ ክፍለ ዓለም የተዘጋጀ መለያ ቁልፍ (ምልክቶችን ደረጃ በደረጃ እያስመረጠ ወደ ስም የሚመራ ጽሑፍ) ሌላ ክፍለ ዓለም ላይ ሲሠራበት ሁልጊዜ መልስ ይሰጣል፤ መልሱ ግን ቁልፉ ውስጥ ካሉት ስሞች ቅርብ የሆነው እንጂ እውነተኛው ላይሆን ይችላል። በማይክሮጋስትሪኒ ውስጥ እስካሁን ስም ያገኙት ዝርያዎች 3,000 ያህል ሲሆኑ ገና ያልተሰየሙት ከዚያ በብዙ እጥፍ እንደሚበልጡ ይገመታል። በ2014 በኮስታ ሪካ የጓናካስቴ ጥብቅ ስፍራ ስለሚገኙት የአፓንቴለስ ተርቦች በወጣ አንድ ጥናት ብቻ 186 ዝርያዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ስም አግኝተዋል። እንዲህ ባለ ቡድን ውስጥ ያለ ተርብ ሁሉ ከታወቁት ስሞች አንዱን መያዝ አለበት ብሎ መነሣት ትልቅ አደጋ ነው።

የተሳሳተ ስም የሚያስከትለውን ጉዳት የካሊፎርኒያ የብርቱካን አምራቾች በደንብ ያውቁታል። በዛፎቻቸው ላይ የነበረውን ቀይ ቅርፊት ለበስ ተባይ የሚያጠቁ አፊቲስ የተባሉ ተርቦች በእስያ ቢገኙም፣ በካሊፎርኒያ አስቀድሞ ካለው አፊቲስ ክሪሶምፋሊ ጋር አንድ ናቸው ተብለው ለአሥርተ ዓመታት ሳይወሰዱ ቀሩ። ልዩ ዝርያዎች መሆናቸው ሲታወቅ አፊቲስ ሊንግናኔንሲስ በ1940ዎቹ መጨረሻ፣ አፊቲስ ሜሊነስ ደግሞ በ1950ዎቹ ገቡ፤ ዛሬ ተባዩን በዋናነት የሚቆጣጠረው ሜሊነስ ነው። የመፍትሔው መዘግየት ምክንያት በመዝገብ ላይ የሰፈረ ስም ነበር።

የማሳ ተመልካች (ጠያቂ)

ለሁለታችሁም ከልብ አመሰግናለሁ። የትሎቹን ቆዳ አርሼ በማጉያ አየኋቸው፤ ካስቀመጥኳቸው መካከል ሙሉ ክብ የሠሩም፣ ግማሽ ክብ ብቻ የሆኑም አሉ፤ ተርቦቹም ከሁለቱም ዓይነት ወጥተዋል። የእያንዳንዱ ብልቃጥ ቁጥር ስላለኝ የትኛው ከየትኛው እንደወጣ ተለይቶ ይታወቃል። የተርቦቹ አንቴና 18 አንጓ ነው።

አረንጓዴዎቹን በተመለከተ ያየሁትን ልጨምር። አንዳንዶቹ የሐር ሽፋኖች ጫፋቸው ላይ እንደ ክዳን ክብ ሆኖ የተቆረጠ ቀዳዳ ሲኖራቸው፣ ሌሎቹ ግን በጎናቸው ዳር ዳሩ የተጎራረደ ትንሽ ቀዳዳ አለባቸው። ይህ ልዩነት ትርጉም አለው? ደግሞስ የመራቢያ አካሉን ስላይድ ማዘጋጀት ለማይችል ሰው የዲኤንኤ ምርመራ ብቻውን አይበቃም?

የክንፍ ጅማት

ልዩነቱ ትርጉም አለው፤ ሽፋኖቹን አስተውለው በማየትዎ አደንቅዎታለሁ። ኮቴሲያ ሲወጣ የሽፋኑን ጫፍ ዙሪያውን በንጽሕና ቆርጦ ክዳን ያነሣል። በጎን በኩል የተጎራረደው ቀዳዳ ግን የሌላ ተርብ ሥራ ነው። አረንጓዴዎቹ ትሉን ያጠቁ አይመስለኝም፤ ኮቴሲያው ራሱን በሐር ከሸፈነ በኋላ በሽፋኑ ውስጥ ያለውን ኮቴሲያ ያጠቁ፣ የጥገኛው ጥገኞች ናቸው። ክንፋቸውን ቢያዩ ጅማቱ በጣም ጥቂት፣ አንቴናቸውም እንደ ክንድ የታጠፈ ሆኖ ያገኙታል፤ ካልሲዶይዲያ የተባለው ታላቅ ቡድን አባላት ናቸው።

ይህ ለመዝገብ ትልቅ ትርጉም አለው። በቆዩ ጽሑፎች «ከአገዳ ቆርቋሪ የወጣ» ተብለው የተመዘገቡ በርካታ ጥቃቅን ተርቦች በእርግጥ ቆርቋሪውን ነክተው የማያውቁ፣ የሌላውን ጥገኛ የሚበሉ ናቸው። ስሕተቱ ከመዝገብ ወደ ሥራ ሲሸጋገር ደግሞ ጠቃሚውን ተርብ የሚገድለውን ዝርያ አርብቶ እስከመልቀቅ ሊያደርስ ይችላል። ስለዚህ በመለያ ወረቀትዎ ላይ ለምሳሌ «ቺሎ ፓርቴለስን ካጠቃ የኮቴሲያ ሽፋን የወጣ» ብለው ሙሉውን ሰንሰለት ይጻፉ፤ አረንጓዴዋ የወጣችበትንም ሽፋን ከእርሷ ጋር ያኑሩት።

ባርኮድ አንባቢ

የዲኤንኤውን ጥያቄ እኔ ልመልስ።

በ2003 ፖል ሄበርትና ባልደረቦቻቸው ያስተዋወቁት የዲኤንኤ ባርኮድ፣ ሲኦአይ ከሚባለው፣ በማይቶኮንድሪያ (ከእናት በሚወረሰው የሕዋስ ክፍል) ከሚገኝ ጂን 658 ያህል ፊደላትን አንብቦ ከመረጃ ቋት ጋር ማስተያየት ነው። ለጥገኛ ተርቦች ያለው ጥቅም ከሌሎች ነፍሳት ይልቅ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። አንድ ምክንያቴ ወንዱና ሴቷ መልካቸው ተለያይቶ እንደ ሁለት ዝርያ ሲቆጠሩ አንድ መሆናቸውን ማሳየቱ ነው። በትል ሆድ ውስጥ ያለ፣ ምንም መለያ የሌለው እጭ እንኳን በዚህ ዘዴ ይታወቃል። ከአንድ እግር በቂ ዲኤንኤ ስለሚገኝም ናሙናው ሳይጠፋ ይቀራል፤ አሁን ያሉት ዘዴዎች መላውን ተርብ በፈሳሽ ነክረው ሳይሰባብሩ ማውጣት ስለሚችሉ ያው ተርብ በኋላ በእስፒል ላይ ይቀመጣል።

በሌላ በኩል ብቻውን ይበቃል ብዬ ልመክርዎ አልችልም። የመረጃ ቋቱ የሚመልስልዎ ስም፣ ቀድሞ ያስገባው ሰው ለናሙናው የሰጠውን ስም ነው፤ ያ ሰው ተሳስቶ ከሆነ ስሕተቱ 100 በመቶ ተመሳሳይነት በሚል ማረጋገጫ ወደ እርስዎ ይተላለፋል። ዎልባኪያ የተባለው በነፍሳት ሕዋስ ውስጥ የሚኖር ባክቴሪያ ከእናት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የማይቶኮንድሪያውን ዓይነት ይዞ ስለሚጓዝ፣ ሁለት ዝርያዎች አንድ ባርኮድ እንዲኖራቸው ወይም አንዱ ዝርያ ሁለት መስሎ እንዲታይ ሊያደርግ ይችላል። ስለዚህ ባርኮዱ ከቅርጽ፣ ከአስተናጋጅና ከቦታ መረጃ ጋር ሲስማማ ጠንካራ ነው፤ ሲጋጭ ደግሞ ግጭቱን ሳይደብቁ መጻፍ ያስፈልጋል።

በእርስዎ ጉዳይ ሁለቱም ማስረጃዎች ያስፈልጋሉ የምልበት የተለየ ምክንያት አለኝ። ለረጅም ጊዜ ኮቴሲያ ሴሳሚዬ ተብሎ ሲጠራ ከነበረው ውስጥ አንዱ መስመር፣ በውኃ ዳር ተክሎች ላይ የሚኖረውን ሴሳሚያ ኖናግሪኦይደስ የተባለ ትል የሚያጠቃው፣ በ2017 ኮቴሲያ ቲፌ ተብሎ ራሱን የቻለ ዝርያ ሆኗል። ይህ የታወቀው ዲኤንኤው፣ ቅርጹና የአስተናጋጅ ምርጫው በአንድነት ተመርምረው ነው። በኬንያም የባሕር ዳርቻው ሴሳሚዬ በቡሴዎላ ውስጥ ማደግ ሲያቅተው የምዕራቡ ግን ያድጋል። እንግዲህ ከሁለቱም ዓይነት ትል ተርቦች ካገኙ፣ በብልቃጦችዎ ውስጥ ከአንድ በላይ ነገር ሊኖር ስለሚችል ከእያንዳንዱ አስተናጋጅ ቢያንስ ጥቂት ናሙና ለየብቻ ያስመርምሩ።

የስብስብ ክፍል

ሦስተኛው ጥያቄዎ እስካሁን ስላልተመለሰ ወደ እርሱ ልምጣ።

ዝርያው ለአገሪቱ አዲስ መሆኑን ለማጣራት የአሁኑን ስም ብቻ ይዞ መፈለግ ያሳስታል። ሜሰን የተባለ ተመራማሪ በ1981 አፓንቴለስ የተባለውን ሰፊ ጂነስ (የተቀራረቡ ዝርያዎች ወገን) እስኪከፋፍለው ድረስ ዛሬ ኮቴሲያ የምንላቸው በአፓንቴለስ ስም ይመዘገቡ ነበር፤ ስለዚህ ከዚያ በፊት የወጣ የግብርና ዘገባ ውስጥ የሚያገኙት «አፓንቴለስ ሴሳሚዬ» ወይም «አፓንቴለስ ፍላቪፔስ» የሚል ነው። በሌሎች ቡድኖችም እንዲሁ ዝርያው የነበሩትን ስሞች ሁሉ አስቀድሞ መዘርዘር ያስፈልጋል። ለካልሲዶይዲያ በለንደኑ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም የተጀመረው የኖይስ የመረጃ ቋት እነዚህን ስሞች ከአገርና ከአስተናጋጅ ጋር አሰባስቧል፤ ለአፍሪካ ተርቦች በአጠቃላይ በኬፕ ታውን የኢዚኮ ሙዚየም የሚያዘጋጀው ዋስፕዌብ ጥሩ መነሻ ነው።

በቆዩ ካታሎጎች ውስጥ ደግሞ አንድ ወጥመድ አለ። የእንስሳት መልክዓ ምድር አጥኚዎች ከሰሐራ በታች ያለውን አፍሪካ በሙሉ ለረጅም ዘመን «የኢትዮጵያ ክልል» ብለው ይጠሩት ነበር። ታውንስ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1973 ያወጡት የኢክኒውሞኒዴ ካታሎግ በርዕሱ ይህንኑ ስያሜ ይዟል። ይህን የማያውቅ ሰው በሴኔጋል ወይም በማዳጋስካር የተሰበሰበ ዝርያ በኢትዮጵያ እንደተገኘ አድርጎ ሊመዘግብ ይችላል፤ ክልሉን ሳይሆን በመለያ ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ትክክለኛ ቦታ መፈለግ ይገባል።

ከጽሑፍ በላይ ደግሞ ስብስቦችን ይጠይቁ። ያልታተመ መዝገብ በሙዚየም መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል።

በዚህ ሁሉ ካለፈ በኋላም አዲስ ሆኖ ቢገኝ አይገረሙ፤ ሰው በብዛት ባጠናቸው አገሮች እንኳን ይህ የተለመደ ነው። በእንግሊዝ ሌስተር ከተማ በአንድ የመኖሪያ ቤት የአትክልት ስፍራ ብቻ በተደረገ የብዙ ዓመታት ክትትል ከ500 በላይ የኢክኒውሞኒዴ ዝርያዎች ተገኝተዋል፤ ከእነርሱም መካከል ለብሪታንያ አዲስ የሆኑ፣ ለሳይንስም አዲስ የሆኑ ነበሩ። ትሪሶልከስ ጃፖኒከስ የተባለችው የእስያ ተርብ በአሜሪካ በጥብቅ ቤተ ሙከራ ውስጥ ለመለቀቅ ፈቃድ እየተጠበቀላት ሳለ፣ በ2014 በሜሪላንድ ሜዳ ላይ ተገኘች፤ ዘረ መሏ ሲመረመር ከቤተ ሙከራው ያመለጠች ሳትሆን በራሷ መንገድ የገባች መሆኗ ታወቀ። ኮቴሲያ ፍላቪፔስም ከፓኪስታን መጥታ በ1993 በኬንያ ከተለቀቀች በኋላ፣ በ1999 ማንም ባልለቀቀባት በኢትዮጵያ ተገኝታለች። እንዲህ ያሉ መስፋፋቶች የሚታወቁት አንድ ሰው በዚያ ዓመት፣ በዚያ ቦታ ናሙና ሰብስቦ ስላስቀመጠ ነው።

መዝገቡ ሲጻፍ የሚከተሉት ሳይጓደሉ በዓረፍተ ነገር ይስፈሩ፦ የናሙናዎቹ ብዛትና ጾታ፣ የተሰበሰቡበት ቦታ ከነኬክሮስና ኬንትሮሱ እንዲሁም ከፍታው፣ ትሉ የተሰበሰበበትና ተርቡ የወጣበት ቀን ለየብቻ፣ ተክሉ፣ አስተናጋጁ፣ ሰብሳቢው፣ ዝርያውን የለየው ሰው፣ የተለየበት ምልክት፣ ናሙናው የተቀመጠበት ስብስብና የናሙናው ቁጥር። ቀኑ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ይሁን፤ ወሩንም በሮማን ቁጥር መጻፍ ቀንና ወር እንዳይምታቱ ይረዳል። ይህ መረጃ በአጭር የሳይንስ ማስታወሻ ታትሞ፣ ዝርዝሩ ጂቢአይኤፍ ወደተባለው ዓለም አቀፍ የብዝኀ ሕይወት የመረጃ ቋት ቢገባ ማንም ያገኘዋል። ናሙና ወደ ውጭ አገር ባለሙያ የሚላክ ከሆነ ግን አስቀድሞ የአገሪቱን ፈቃድ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ከ2014 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የናጎያ ፕሮቶኮል የተባለ ዓለም አቀፍ ስምምነት የዘረ መል ሀብት አጠቃቀምን ስለሚመለከት፣ ያለፈቃድ የተላከ ናሙና ላይ የተሠራ ጽሑፍ የሚቀበሉ መጽሔቶች እየቀነሱ ነው።

ተርብ በአንድ ቦታ አንድ ጊዜ መገኘቱ በአገሪቱ ተራብቶ እየኖረ መሆኑን አያሳይም። በሚቀጥለው የሰብል ወቅት ከዚያው አካባቢና ከራቅ ያለ ቦታ ትሎችን እንደገና ቢያሳድጉ፣ ተርቡ ያልወጣባቸውንም ብልቃጦች ቢመዘግቡ፣ ጽሑፍዎ «ተገኘ» ከሚለው አልፎ «ይኖራል» ለማለት ይበቃል። ምንም ያልወጣባቸው ትሎች ቁጥር ከሌለ ስንት በመቶ ያህሉ እንደተጠቁ ማስላትም አይቻልም።

የክንፍ ጅማት

በዚህ መካከል መረጃውን ለመጻፍ የወንዶቹን ምርመራ መጠበቅ አያስፈልግዎትም። አሁን ባለዎት ማስረጃ «ኮቴሲያ፣ የፍላቪፔስ ቡድን፣ ዝርያው ገና ያልተለየ» ብሎ መመዝገብ ሙሉ በሙሉ ትክክል ነው፤ ሊያስረዱት ከሚችሉት ደረጃ ላይ ማቆም የባለሙያ ሥራ ነው። ከእያንዳንዱ ብልቃጥ ሁለት ወንዶችን ለስላይድ ለይተው ያስቀምጡ፤ ወንዱን የሚያውቁት በሆዱ ጫፍ እንቁላል መጣያ ባለመኖሩና አንቴናው ከሴቷ በግልጽ ረዘም በማለቱ ነው። ወንድ ያልወጣበት ብልቃጥ ካለ ያንን ለይተው ይጻፉት፤ ለዲኤንኤው ምርመራ ቅድሚያ ሊሰጠው የሚገባው እርሱ ነው። ለመላክ ሲያዘጋጁ ግን ሁሉንም ናሙና ለአንድ ሰው አይስጡ፤ ከየብልቃጡ የተወሰነውን በቅርብ ባለ የሕዝብ ስብስብ ውስጥ አስቀድመው ያስገቡ፣ ቁጥሩንም ይቀበሉ።

የማሳ ተመልካች (ጠያቂ)

ተረድቻለሁ። ብልቃጦቹን በአስተናጋጅ ለይቼ የመለያ ወረቀቶቹን መጻፍ ጀምሬያለሁ፤ የአረንጓዴዎቹንም ሽፋኖች ከየባለቤቶቻቸው ጋር አድርጌያለሁ። ከቺሎ የወጡት ውስጥ ወንዶች በብዛት አሉ፤ ከግማሽ ክብ መንጠቆ ካላቸው ትሎች በአንዱ ብልቃጥ ግን ሴቶች ብቻ ስለሆኑ ለዲኤንኤ የሚላኩት በቅድሚያ እነርሱ ይሆናሉ። የስላይዶቹ ምስል ሲዘጋጅ በዚሁ ርዕስ ሥር አቀርባለሁ።